ሁለት ነፋስ፣ ሁለት ፍልሰት፦ ከኬፕ ሜይ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሣነው ጎሕ ሳይቀድ፣ መንገዱ በመኪና ሳይጨናነቅ ነበር። አብረውኝ የተጓዙት ጋሼ በወጣትነታቸው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የፓርክ ጠባቂ ሆነው ያገለገሉ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው በሜሪላንድ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። ወፍ በመለየት ረገድ ዓይናቸው ከእኔ ዓይን በብዙ ይበልጣል፤ ውቅያኖስ ላይ የሚኖረውን ወፍ ግን እርሳቸውም በቅርበት አይተውት አያውቁም። የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ በረጅሙ ድልድይ ተሻግረን፣ በቆሎውና አኩሪ አተሩ ከታጨደበት ሜዳ መካከል ወደ ምሥራቅ ስንገሠግሥ ቆይተን፣ ረፋዱ ላይ የዴላዌር የወደብ ከተማ ከሆነችው ከልዊስ ደረስን። ከልዊስ ወደ ኬፕ ሜይ የሚያሻግሩት መርከቦች ሰውንም መኪናንም የሚጭኑ ሲሆኑ፣ አገልግሎቱ ከ1964 ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ ሲመላለስ የኖረ ነው። (በዚህ ማስታወሻ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መንገዱ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 85 ደቂቃ ይወስዳል።

የኬፕ ሜይን ነገር ለመረዳት ካርታ ማየት ያስፈልጋል። የኒው ጀርሲ ደቡባዊ ክፍል በምሥራቅ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ ደግሞ የዴላዌር ባሕረ ሰላጤ እየተጫኑት ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከፊቱ ያለው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውኃ ብቻ ነው። ከካናዳና ከኒው ኢንግላንድ ተነሥቶ በየብስ ላይ ወደ ደቡብ የሚወርድ ወፍ፣ ነፋስ ወደ ጠረፍ ከገፋው፣ እህል ወደ ወፍጮ አፍ እንደሚወርድ ወደዚህ ጫፍ ይሰበሰባል፤ ከደረሰም በኋላ ውኃውን ለመሻገር አቅሙ እስኪጠነክር ወይም ነፋሱ እስኪመቸው ድረስ እዚያው ሲያንዣብብና ሲመገብ ይቆያል። የባሕር ወፎቹ መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። እነርሱ የብሱን በስተቀኛቸው እያዩ ከዳርቻው ራቅ ብለው በውኃው ላይ ያልፋሉ፤ ወደ ሰው ዓይን የሚያቀርባቸውም ሌላ ነፋስ ነው። ስለዚህ ለወፍ ብሎ ወደ ኬፕ ሜይ የሚሄድ ሰው ማታ ማታ ከወፍ መጽሐፍ ይልቅ የአየር ትንበያ ቢያነብ ይበጀዋል። ሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ የየብሱን፣ ሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ የባሕሩን ለማየት መዘጋጀት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ጠዋት የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው።

የሐሙሱ ነፋስ ከሁለቱም ወገን አልነበረም። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ለብ ያለ አየር ነበር፤ ወደ ደቡብ መሄድ የሚፈልግ ወፍ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ከሚገፋ ነፋስ ጋር እየታገለ ስቡን አያባክንም፤ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠብቃል። ከመርከቡ የላይኛው ወለል ላይ ሆነን ያየነውም ይህንኑ ነው፦ መርከቡ ከሚያገላብጠው ውኃ ላይ ምግብ ለመልቀም የሚከተሉን ጋል የተባሉ ነጭና ግራጫ ወፎች፣ ከወደቡ ውጭ ባለው የድንጋይ ማዕበል መከላከያ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚያደርቁ ኮርሞራንት የተባሉ ጥቁር የውኃ ወፎች፣ መካከሉ ላይ ስንደርስም ለብቻው ወደ ደቡብ የሚያልፍ አንድ ወጣት ጋኔት፣ ማለትም ትልቅ የባሕር ወፍ። ጋሼ ኮርሞራንቱን ገና ከሩቅ አወቁት። "ይኼማ የዝዋይ ሰው ነው!" አሉ። በእርግጥም በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ከሚታዩት ኮርሞራንቶች ጋር የቅርብ ዘመድ ነው።

ዓርብ

ኬፕ ሜይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የፊላዴልፊያ ሀብታሞች በጋን የሚያሳልፉባት ከተማ ነበረች። በረንዳቸው ሰፊ፣ ጌጣቸው የበዛ፣ ቀለማቸው የደመቀ የእንጨት ቤቶቿ ብዙዎቹ ሳይፈርሱ ስለ ቆዩ፣ ከተማዋ በ1976 ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ተብላ ተመዝግባለች። በጥቅምት አጋማሽ ግን ዋናተኛው ሄዷል፤ የአልጋ ዋጋም ቀንሷል፤ በባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ሰው የነበረበትን ቦታ ስኪመር የሚባሉት ወፎች ይዘውታል።

ስለ ስኪመር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ እኔ በበኩሌ ከዚያች ከተማ ቤቶች ሁሉ እነርሱን ማየት እመርጣለሁና። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ፣ እግራቸው አጭርና ቀይ ነው፤ መንቁራቸው ከሥሩ ቀይ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ሲሆን፣ የታችኛው ክፍል ከላይኛው ይረዝማል። ሲመገቡ አፋቸውን ከፍተው ከውኃው በላይ ዝቅ ብለው ይበርራሉ፤ ረጅሙ የታችኛው መንቁር ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄድና ዓሣ ሲነካው የላይኛው ወዲያው ይዘጋበታል። ሥራቸው በዓይን ሳይሆን በመዳሰስ ስለሆነ ጨለማም ቢሆን አይገዳቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድኑትም ሲመሽና ሲነጋጋ ነው። የዓይናቸው ብሌን ከሌሎች ወፎች በተለየ ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ነው፤ የቀን ብርሃን ከአሸዋ ላይ ሲያንጸባርቅ ይጠብባል። ቀን ቀን ሁሉም ወደ ነፋሱ ዞረው፣ አንዳንዶቹም አንገታቸውን አሸዋው ላይ ዘርግተው ይተኛሉ፤ እንዲህ የተኛን ስኪመር መጀመሪያ የሚያይ ሰው ሞቷል ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። በኒው ጀርሲ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ችግሩም ጎጆውን የሚሠራው ሰው ለመዝናናት በሚፈልገው በዚያው አሸዋ ላይ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ውሻውን ፈትቶ ሲያሯሩጥ በመቶ የሚቆጠሩት ወፎች በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ ጥቁሩና ነጩ እየተፈራረቀ ሁለት ጊዜ ከዞሩ በኋላ እዚያው ተመልሰው ዐረፉ።

ከሰዓት በኋላ በከተማዋ ምዕራብ፣ በጫፉ ላይ ወደሚገኘው የመብራት ግንብ ሄድን። በ1859 የተሠራ ሲሆን፣ ቁመቱ 48 ሜትር ያህል ነው፤ ጋሼ ጉልበታቸውን አስበው ከታች ቀሩ፤ እኔ 199ኙን ደረጃ ወጣሁ። በቦታው የተሠራ ሦስተኛው ግንብ ነው፤ የመጀመሪያው የቆመበትን መሬት ባሕሩ ከወሰደው ቆይቷል። ከላይ ሲታይ የጫፉ ቅርጽ ግልጽ ነው፦ በአንድ በኩል ውቅያኖሱ፣ በሌላው ባሕረ ሰላጤው፣ በመካከል ረግረጉ፣ የጣፋጭ ውኃ ኩሬዎቹና ዛፎቹ። ደመናው ከምዕራብ እየጠቆረ ይመጣ ነበር። ዝናቡም ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ደረሰና እስከ ምሽት ድረስ ወረደ።

ዝናቡን ሸሽተን በተቀመጥንበት ቡና ቤት ውስጥ ለጋሼ የኬፕ ሜይ ዋርብለርን ታሪክ አጫወትኋቸው። ይህች ትንሽ ቢጫ ወፍ ስሟን ያገኘችው አሌክሳንደር ዊልሰን የተባለው የአእዋፍ ሊቅ በ1811 ከዚህ በተገኘች አንዲት ወፍ ላይ ተመርኩዞ ስለ ገለጻት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በኬፕ ሜይ እንደ ገና ታየች ተብሎ ሳይመዘገብ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በእርግጥ የምትፈለፈለው ርቃ በካናዳ ጥዶች ውስጥ ነው፤ እዚህ መንገደኛ ናት። ጋሼም "እንግዳ ሲያድር በስሙ መንደር ሰየሙለት ማለት ነው፤ ደግ ሰዎች ናቸው" ብለው ሳቁ። እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ለማስረዳት ብሞክርም ጨዋታውን ማበላሸት ሆነብኝና ተውሁት።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆመ፤ ነፋሱ ዞረ። ከማረፊያችን በረንዳ ላይ ቆመን ስናዳምጥ ከጨለማው ውስጥ ከላይ አጫጭር ድምፆች መውረድ ጀመሩ። ትንንሾቹ የደን ወፎች አብዛኞቹ የሚጓዙት በሌሊት ነው፤ ኮከብንና የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እየተከተሉ ይሄዳሉ፤ የሌሊቱ አየር ቀዝቃዛና የረጋ በመሆኑ ድካማቸው ይቀንሳል፤ ጭልፊትም አይተናኮላቸውም። የአየር ግንባሩ (ቀዝቃዛው አየር ሞቃቱን እየገፋ የሚመጣበት ድንበር) ሲያልፍና ነፋሱ ከበስተኋላቸው ሲመጣ፣ ቀናት ሲጠብቁ የነበሩት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይነሣሉ።

ቅዳሜ

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ያገራችን አባባል እዚህም ይሠራል። ፀሐይ ሳትወጣ በባሕረ ሰላጤው በኩል ወደሚገኘው ወደ ሂግቢ ዳርቻ ስንደርስ እጃችን ባይኖኩላሩን መያዝ አቅቶት ነበር፤ ጋሼ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱልኝና ከኪሳቸው ቆሎ ዘገኑ።

በሂግቢ የሚታየው ነገር ለጀማሪ ግራ ያጋባል፤ ወደ ደቡብ መሄድ የሚገባቸው ወፎች በሺዎች ወደ ሰሜን ይበርራሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሌሊቱን ሲበርሩ ያደሩት ወፎች ሲነጋ ራሳቸውን ወይ በየብሱ ጫፍ ወይ ጨርሶ በውኃው ላይ ያገኙታል። ደክመዋል፤ ተርበዋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥቂት ዛፍ ለሁሉም አይበቃም፤ ስለዚህ የባሕረ ሰላጤውን ዳር ይዘው ምግብና መጠለያ ፍለጋ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። በዚያ ጠዋት የሚበዙት ወገባቸው ቢጫ የሆነው ዋርብለሮችና ደረተ ቀዩ የአሜሪካ ሮቢን ነበሩ። ዋርብለሮቹ በቡድን በቡድን፣ ዝቅ ብለው፣ አንዳንዴም በትከሻችን አጠገብ እያለፉ፣ እያንዳንዱ አጭር ደረቅ ድምፅ እያሰማ ለሁለት ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ነጐዱ። ይህ ወፍ ዘመዶቹ ሁሉ ወደ ሞቃት አገር ሲሸሹ ዘግይቶ የሚወርደውና ብዙ ጊዜም ራቅ ሳይል የሚከርመው ሆዱ ሰም መፍጨት ስለሚችል ነው፤ በጠረፉ ላይ የሚበቅለው የቤይቤሪ ቁጥቋጦ ፍሬ በሰም የተሸፈነ ነው፤ ሌሎች ትንንሽ ወፎች የማይጠቀሙበትን እርሱ እንደ ስንቅ ይበላዋል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መብራት ግንቡ ሥር ወዳለው የጭልፊት መመልከቻ ሰገነት ተዛወርን። ከ1976 ጀምሮ በየመጸው ወቅት፣ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ፣ በዚህ ቦታ የሚያልፈው አዳኝ ወፍ ሁሉ ይቆጠራል። ቆጣሪው አንድ ሰው ቢሆንም ሰገነቱ በጠዋቱ ሞልቶ ነበር፤ ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ሕፃን ያዘለችው እናት ሁሉ ወደ ሰሜን ዞረው ይመለከታሉ። አንዱ "ከማማው በላይ፣ ከደመናው በስተግራ!" ሲል ባይኖኩላሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ወፎቹን ከየብሱ ወደ ውቅያኖሱ ዳር ገፍቷቸዋል፤ እነርሱም በባሕር ላይ እንዳይወሰዱ ነፋሱን እየተከላከሉ ጠረፉን ይዘው ሲወርዱ እዚህ ይደርሳሉ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሣው አየር ደግሞ ያለ ክንፍ ድካም ወደ ላይ ያወጣቸዋል።

ጋሼ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሰገነቱ ወዳጅ ሆኑ። የወፎቹን የእንግሊዝኛ ስም ባያውቁም አበራረራቸውን አይተው ለዩአቸው፤ ሦስት አራቴ ክንፉን መትቶ የሚንሸራተተውን ትንሹን የደን ጭልፊት፣ ክንፉን ወደ ላይ ቀስሮ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘውን ጥንብ አንሳ፣ ክንፉን እንደ ሰሌዳ አግድሞ የሚመጣውን ራሰ ነጭ ንስር። ንስሩን ሲያዩ ለረጅም ጊዜ ባይኖኩላራቸውን አላወረዱም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመላው ኒው ጀርሲ የቀረው የዚህ ንስር ጎጆ አንድ ብቻ እንደ ነበር፣ ዛሬ ግን ከሁለት መቶ በላይ እንደ ሆነ ስነግራቸው፣ "ማን ጨርሶት ነበር?" ሲሉ ጠየቁኝ።

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ጠመንጃ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኬፕ ሜይ ጭልፊት መተኮስ የመጸው ወቅት መዝናኛ ነበር፤ ተኳሾች ወደ ጫፉ በሚወስደው ጎዳና ዳር ተሰልፈው ከዛፍ በላይ የሚያልፈውን ይጥሉ ነበር፤ የወደቀውንም አንዳንዶቹ ይበሉት ነበር። ይህን ለማስቆም በ1935 በዚያው አካባቢ የወፍ መጠበቂያ ስፍራ ተከልሎ፣ ወፎቹን የሚቆጥርና ተኳሾችን የሚከታተል ሰው ተመደበበት። ሁለተኛው ዲዲቲ ነው። መድኃኒቱ ለነፍሳት ተረጭቶ በዓሣና በትንንሽ ወፎች አካል ውስጥ እየተጠራቀመ ወደ አዳኞቹ ሲደርስ፣ የእንቁላላቸው ቅርፊት እየሳሳ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ጀመር። ፔሪግሪን ጭልፊት በ1960ዎቹ አጋማሽ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ መራባቱን ጨርሶ አቁሞ ነበር። ዲዲቲ በአሜሪካ በ1972 ታገደ፤ ፔሪግሪን በ1999፣ ራሰ ነጩ ንስርም በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ወጡ። የጭልፊት ቆጠራ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ በደን ውስጥና በአርክቲክ ገደል ላይ ተበታትኖ የሚኖርን ወፍ ጎጆ ለጎጆ ዞሮ መቁጠር ከባድ ሲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ በር ሲያልፍ ግን መጨመሩም መቀነሱም ይታወቃል።

እኩለ ቀን ላይ ያየነው ፔሪግሪን ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ሌሎቹ ከውኃው ጫፍ ሲደርሱ ያመነታሉ፤ ይዞራሉ፤ ከፍታ ለማግኘት ይሞክራሉ፤ ብዙዎቹም ተስፋ ቆርጠው የባሕረ ሰላጤውን ዳር ይዘው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ፔሪግሪኑ ግን በጫፉ ላይ ሳይዘገይ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ገባ። ከአርክቲክ የሚነሡት ፔሪግሪኖች እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ ይወርዳሉ፤ 18 ኪሎ ሜትር ውኃ ለእነርሱ ምንም አይደለም።

እሑድ

ነፋሱ በሌሊት ላላ፤ ከሰሜን ቀለል ብሎ ይነፍስ ጀመር። ጭልፊቱ እንደሚቀንስ ስለ ታወቀ ወደ ባሕሩ ለመዞር ወሰንንና ከኬፕ ሜይ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ አቫሎን ሄድን። አቫሎን ጠባብ የጠረፍ ደሴት ላይ ያለች ንጹሕና ውድ ከተማ ናት፤ ስለ እርሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ለወፍ ተመልካች የምትጠቅመው ሰባተኛ መንገድ ባሕሩን ከሚነካበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ መሬቱ ከሌላው የጠረፉ ክፍል አንድ ማይል ያህል ወደ ውቅያኖሱ ገባ ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠረፉን ተከትሎ የሚወርድ የባሕር ወፍ በዚህ ቦታ ላይ በዳርቻው ካለው የድንጋይ ግንብ ብዙም ሳይርቅ ለማለፍ ይገደዳል። ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ከሴፕቴምበር 22 እስከ ዲሴምበር 22፣ ፀሐይ ከወጣችበት እስከምትጠልቅበት ሰዓት ድረስ፣ በዚሁ ግንብ ላይ ይቆጠራሉ። የወቅቱ ድምር ወደ መቶ ሺዎች ይደርሳል።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ቅር አላቸው። በእርግጥም የባሕር ወፍ ፍልሰት ሲጀመር አይማርክም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከፊት ስለምትመጣ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ የሚታየው ከማዕበሉ በላይ ዝቅ ብሎ የሚሄድ፣ አንዴ ከማዕበል ጀርባ የሚሰወር፣ አንዴ ብቅ የሚል የጥቁር ነጥብ መስመር ነው። ወፉን የሚለዩት በመስመሩ ቅርጽ፣ በክንፉ ምት ፍጥነትና በአንገቱ ርዝመት ነው። ኮርሞራንቶቹ ከፍ ብለው በተዘበራረቀ ሰልፍ ይሄዳሉ፤ ክንፋቸው ቀስ ይላል፤ ጥቂት መትተው ይንሸራተታሉ። ስኮተር የሚባሉት የባሕር ዳክዬዎች ደግሞ ውኃውን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው በጥድፊያ ያልፋሉ።

ስኮተሮቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ሦስቱም ከሩቅ ጥቁር ናቸው። የአንደኛው ክንፍ ላይ ነጭ ምልክት አለ፤ እርሱ አያስቸግርም። ሁለቱ ግን ተቀላቅለው በአንድ መስመር ስለሚበርሩ፣ የአንደኛውን የክንፍ ጫፍ ብርማ ብልጭታ፣ የሌላኛውን ወንድ የማጅራት ነጭ ለማየት ሴኮንድ ነው የሚገኘው። ቆጣሪው መስመሩን በዐሥር በዐሥር እየከፈለ በእጁ የመቁጠሪያ መሣሪያ ይመዘግባል፤ መለየት ያልቻለውን ሳይገምት "ክንፈ ጥቁር ስኮተር" ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ይህን ሐቀኝነት ወደድሁለት። ዳክዬዎቹ በጋውን በካናዳ ሰሜናዊ ደኖችና ታንድራ (ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ) ውስጥ ባሉ የጣፋጭ ውኃ ሐይቆች ላይ ይፈለፍላሉ፤ ክረምቱን ግን ወደ ጨው ውኃ ወጥተው እየጠለቁ በባሕሩ ወለል ላይ ያሉትን የቅርፊት ለበስ እንስሳት እንዳሉ ይውጣሉ፤ ቅርፊቱን የሚፈጨው ጠንካራው ጡንቻማ ጨጓራቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጀርባችን ስትሆን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ፤ ጠዋት ጥቁር የነበረው ነጥብ ነጭ ግንባርና ብርቱካናማ መንቁር አወጣ። ጋሼም ወደ ቴሌስኮፑ ተጠግተው መነሣት እንቢ አሉ። ቆይተውም ቆጣሪው እንደዚህ በየቀኑ ለሦስት ወር መቆሙን ሲሰሙ ዝም አሉና፣ "እኔ አብያታ በነበርሁበት ጊዜ ሐይቁ ሲሸሽ በዓይናችን አየን፤ ዓሣው ጠፋ፤ ከሻላ ደሴት እየመጡ ይመገቡ የነበሩት ነጫጭ ፔሊካኖችም ቀሩ። ስንት ነበሩ ብለው ሲጠይቁን ግን 'ብዙ ነበሩ' ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም" አሉኝ። ሐይቁን አሸሹት የሚባሉት የመስኖውና የሶዳ አሹ (ከሐይቁ ውኃ የሚመረተው ማዕድን) ነገር የቆየ ክርክር ነው፤ እኔ ከእርሳቸው ቃል ላይ የምጨምረው የለም።

ሰኞ

ከፍተኛው የአየር ግፊት ወደ ኒው ኢንግላንድ ሲዘዋወር ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ በኃይል መጣ። ትላንት ያየናቸው ብዙ ነበሩ፤ ሩቅ ግን ነበሩ። የዛሬው ነፋስ ወፎቹን ወደ ዳር ስለሚገፋቸው፣ ብዛታቸው ባይጨምር እንኳ ቅርበታቸው እንደሚጨምር አስበን ገና ሳይነጋ ግንቡ ላይ ደረስን። ማዕበሉ ድንጋዩን እየመታ ጨው ያረጨን ነበር፤ የቴሌስኮፑን መስታወት በየደቂቃው እንጠርግ ነበር።

የዕለቱ ባለቤቶች ጋኔቶቹ ነበሩ። ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ ትልልቆቹ ነጫጭ ሆነው የክንፋቸው ጫፍ ብቻ ጥቁር ነው፤ የዘንድሮዎቹ ልጆች ቡኒ ናቸው፤ መካከል ያሉት እንደ ዕድሜያቸው ነጭና ጥቁር የተዘነቃባቸው ናቸው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪነጡ አምስት ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። በሰሜን አሜሪካ የሚራቡት በኩቤክና በኒውፋውንድላንድ ባሉ ስድስት ሥፍራዎች ብቻ ነው፤ ትልቁም በሴንት ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ያለው የቦናቫንቱር ደሴት ነው። ስለዚህ ከፊታችን የሚያልፈው ጋኔት ሁሉ ከእነዚያ ጥቂት ገደሎች የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ከግንቡ ብዙም ሳይርቅ የዓሣ መንጋ ስለ ነበረ ለመብላት ቆሙ። አንዱ ከሠላሳ ሜትር ከፍታ ላይ ክንፉን ወደ ኋላ አጥፎ ይወርዳል፤ ውኃውን ሲመታ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የአፍንጫ ቀዳዳው በውጭ አይታይም፤ ከፊቱና ከደረቱ ቆዳ ሥር ደግሞ የውኃውን ምት የሚያበርዱ የአየር ከረጢቶች አሉት። ጋሼ እያንዳንዱ ሲወርድ "እሰይ!" ይሉ ነበር፤ ባዶ አፉን ሲወጣም ያዝኑለት ነበር።

በ2022 የወፍ ጉንፋን ወደ እነዚህ መራቢያዎች ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ጋኔቶችን ገድሏል። ከበሽታው የተረፉት አንዳንዶቹ ሰማያዊ የነበረው ዓይናቸው ጠቁሮ ስለ ታየ፣ ያን ዓመት ያለፉት በመልካቸው የሚታወቁ ሆነዋል። ከግንቡ ላይ ሆኖ የዓይን ቀለም ማየት አይቻልም፤ ማየት የሚቻለው የቡኒዎቹንና የነጮቹን መጠን ነው፤ እርሱም ቢሆን በዓመቱ የተፈለፈሉት ምን ያህል እንደ ተረፉ ፍንጭ ይሰጣል።

ቀያይ ጉሮሮ ያላቸው ሉኖችም (እየጠለቁ ዓሣ የሚያድኑ የውኃ ወፎች) በዚያ ጠዋት አንድ ባንድ ይወርዱ ነበር፤ ስማቸው እንዲህ ቢሆንም በመጸው ጉሮሯቸው ነጭ ነው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጀርባቸው ትንሽ ጎብጦ፣ ያለ ዕረፍት እየመቱ ይሄዳሉ። ዋናው ጊዜያቸው ገና ነው፤ ኖቬምበር ሲገባ ይበዛሉ። እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ጄገር የተባለው ጥቁር ቡኒ ወፍ ነው። ዓሣ የያዘ ተርን (ትንሽ ነጭ የባሕር ወፍ) አይቶ ተነሣበት፤ ተርኑ ዞረ፤ ጄገሩም ዞረ፤ ወደ ላይ ወጣ፤ ተከተለው፤ በመጨረሻ ተርኑ ዓሣውን ጣለው፤ ሌባውም ውኃ ሳይነካው በአየር ላይ ቀለበው። ይህ ወፍ በአርክቲክ ይፈለፈላል፤ በባሕር ላይ ሲሆን ከራሱ አደን ይልቅ የሌላውን ድካም መቀማት ይቀለዋል። ጋሼ "ሽፍታ!" ብለው ሰየሙት፤ ከዚያ በኋላ በዕለቱ ሌላ ስም አልሰጠነውም።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ብርዱ አሸነፈንና ወደ መኪናው ተመለስን።

ማክሰኞ

በመመለሻችን መርከቡ ላይ የጠበቅነው ያህል አላየንም፤ ነፋሱ በርትቶ ነበር፤ መርከቡም ይወዛወዝ ነበር፤ ጋሼ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ጋኔቶቹ ግን ሐሙስ አንድ ብቻ ባየንበት ቦታ በየአቅጣጫው ነበሩ፤ ከቀዝቃዛው ነፋስ ጋር ወደ ባሕረ ሰላጤው አፍ ገብተዋል።

ከልዊስ አጠገብ ባለው በኬፕ ሄንሎፐን ጥቂት ቆየን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕረ ሰላጤውን መግቢያ ከጀርመን መርከቦች ለመጠበቅ የተሠሩ የኮንክሪት ማማዎችና ምሽጎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። እዚህም ጭልፊት ይቆጠራል፤ ከቅዳሜ ጀምሮ በአእምሮዬ የቆየ ጥያቄም ነበረኝ። በኬፕ ሜይ የተቆጠረው ጭልፊት ተሻግሮ እዚህ ሲደርስ ዳግም አይቆጠርም ወይ? አንድ ጭልፊት በሁለቱም ቦታ ሊቆጠር ይችላል፤ በኬፕ ሜይ ራሱም አመንትቶ ተመልሶ በማግሥቱ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ድምሩ የሕዝብ ቆጠራ ተደርጎ አይወሰድም፤ የሚጠቅመው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ፣ ዓመት ከዓመት ሲነጻጸር ነው። ዘዴው ካልተለወጠ ስሕተቱም በየዓመቱ ተቀራራቢ ስለሚሆን፣ የሚታየው ለውጥ ከወፎቹ የመጣ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖርና ለመሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ጭልፊት ለማየት ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ ስኮተርና ስኪመር በኦክቶበር፣ ጋኔትና ሉን በኖቬምበር መሄድ ይሻላል። ወፍራም ጓንትና የነፋስ መከላከያ ጃኬት ያስፈልጋል። ቴሌስኮፕ የሌለው ሰው በሁለቱም ቦታ የሚያሳየው ሰው አያጣም፤ ቆጣሪው ግን እየቆጠረ ሳለ ጥያቄ ባይበዛበት ጥሩ ነው። ከጭልፊት መመልከቻው ሰገነትና ከአቫሎኑ የድንጋይ ግንብ ለመመልከት ምንም አይከፈልም፤ ለመርከቡ ግን ቅዳሜና እሑድ ከሆነ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይገባል።